የዳማው ኮርቻ

እንጅባራ (ቆሰበር)፣ ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው? እስከ አራተኛ ፎቅ ውኃ በጀሪካን ተሸክመህ እንደምትወጣ ከሰማሁ ወዲህ በጸሎቴ ከነፍስህ ቀጥሎ የማነሳው ወገብህን ነው። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኛ እዚህ ቆሰበር ከብርዱ በቀር የሚነካን የለም። ብርዱንም እንደ ክፉ አማት ለምደነዋል፤ ያጉረመርማል እንጂ አይገድልም። አባባ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ሲዘንብ ይጠዘጥዛቸዋል፤ እዚህ ደግሞ ዝናብ መቼ እንደሚያባራ አንተም ታውቃለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ሦስት ቃል ከተናገርኩ አራተኛውን አንተ ትነጥቀኛለህ፤ አንተ ብትተወው ኔትወርኩ ይነጥቀኛል። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ስለዚህ ጫማህን አውልቅና አረፍ ብለህ አንብበኝ።

የላክኸው ገዢ አቶ አድማሴ ከቡሬ ደውሎ ነግሮህ ይሆናል፤ ዳማው፣ በፈረስ ስም የምንጠራው የአባባ ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ አልተሸጠም። እሱ የነገረህ በረጅም ሰው ዓይን ያየውን ነው። እኔ ደግሞ በአጭር ሰው ዓይን ያየሁትን ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ እንደወደድክ ፍረድ።

በሰኔ ስትደውል ያልከውን ታስታውሳለህ። «የኤንትሬው ሞተር ደህና ነው፤ ጋቢናው ግን የውሻ ጎጆ ሆኗል። አሳምሩትና ይሸጥ፤ አባባም እኔ ዘንድ መጥተው ይረፉ» አልክ። አባባ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንዳልክ ይሁን ልጄ» አሉህ። እኔ ተቀብዬ «ለምን ይሸጣል? እኔ እነዳዋለሁ፤ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አለኝ» ስልህ ሳቅክ። «እሱ ወረቀት ነው፤ ኤንትሬ ግን መኪና ነው። አንቺ እዚያው ቤተ መጻሕፍትሽ ውስጥ መጽሐፍ አዋሺ። መኪናውን ማን ሊነዳው?» አልክ። ጥያቄህን አስቀምጫታለሁ። መልሷ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ ዘለህ ወደ ታች እንዳታነብ።

ከዚያ የመሣሪያ ሳጥንህ በአውቶቡስ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ። ሰማያዊ ነው፤ ሲከፈት የንግሥ ቀን ይመስል ያበራል። እያንዳንዱ መሣሪያ በልኩ የተቆፈረ መኝታ አለው። ግማሾቹ ለምን እንደተሠሩ እኔ አላወቅኩም፤ እነሱም የሚያውቁ አልመሰለኝም። አባባ አንዱን አንስተው አገላበጡና ወደ መኝታው መለሱት። «መልካም መሣሪያ ነው» አሉ። «ለሰዓት ሠሪ።»

ዳማው አባባ ሥራ ካቆሙ ጀምሮ ጓሮ እንደቆመ ነው። ሞተሩን ሳምንት ሳይዘልቅ መርገጫው ላይ ቆመው በመስኮት ያስነሱታል፤ ጋቢናው ውስጥ ግን ሰው ከተቀመጠ ቆይቷል። በሩን ስከፍት የጎረቤታችን የወይዘሮ ውዴ ዶሮ በሹፌሩ ወንበር ላይ ዕንቁላሏን ታቅፋ አገኘኋት። እሷ ባለቤት፣ እኔ ለማኝ የሆንኩ ይመስል አየችኝ። የወንበሩን ስፖንጅ አይጥ በልቶታል፤ የጣሪያው ጨርቅ ረግቦ ወርዷል፤ የበሮቹ ሽፋን ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ መጠበቅ ግድ ሆነ። ወይዘሮ ውዴ «ዶሮ ከታቀፈች አትነሳም፤ ኩነኔ ነው» ስላሉ የሰኔ መጨረሻ እንዲሁ አለፈ። ይህንን ያኔ ያልነገርኩህ ትስቃለህ ብዬ ነው። አሁን ሳቅ፤ ጫጩቶቹ አድገዋል።

ጋቢናው የታሰረባቸው ብሎኖች አናታቸው ላይ አንድ ወፍራም መስመር ብቻ ያላቸው የድሮ ብሎኖች ናቸው። ያንተ ካቻቢቴዎች ጫፋቸው መስቀል ነው፣ ኮከብ ነው፣ ስድስት ማዕዘን ነው። ለመስመር የሚሆን አንድ ብቻ አለ፤ እሱም የመነጽር ብሎን የሚፈታ ዓይነት። ብሎኖቹን ላምባ አጠጥቼ አሳደርኳቸውና በማግስቱ ሞከርኩት። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም፤ ካቻቢቴው ግን እንደ ጧፍ ተጠመዘዘ። አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ያያሉ። «ዳንግላ በዛብህ ዘንድ ሂጂ» አሉኝ።

ጋሽ በዛብህን ታውቀዋለህ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው፣ ከአባባ ጋር በጎልማሳነታቸው አንድ ክፍል የተከራየው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሰላምታ ሳይሰጠኝ «አባትሽ የወሰደብኝ ጉጠት አለ» አለ። መቼ እንደሆነ ስጠይቀው «ደርግ ሳይወድቅ» አለኝ። ጉጠቱን አይቼው እንደማላውቅ ነገርኩት። «እኔም ካየሁት ቆየሁ» አለ። ስለ ጋቢናው ሳጫውተው ራሱን ነቀነቀና «ያንን ሁሉ ፈትተሽ ማን ሊገጥመው?» አለኝ። «የፈታችው» አልኩት። እንደዚህ ያለ መልስ ከአባባ ይሰማ እንደነበር ከፊቱ አነበብኩ። ከመደርደሪያው ጥግ እጀታው የወይራ እንጨት፣ ጫፉ እንደ አውራ ጣት የሰፋ ካቻቢቴ አወጣ፤ ግን አልሰጠኝም። መያዣ ጠየቀ። መታወቂያዬን አስረከብኩት። ፎቶዬን ትኩር ብሎ አየና «ጉጠቱ ይሻለኝ ነበር» አለ።

ያ ካቻቢቴ ብሎኑ ላይ ሲያርፍ ቁልፍ በጓዳው በር ላይ እንደሚገባ ነው። እንደ ወንድ ታግዬ ፈታሁ እንዳልልህ ወንድ ሆኜ አላውቅም። እንደ ራሴ ታግዬ ፈታሁ። የበሮቹን ሽፋን ለመንቀል ደግሞ ከሳጥንህ ያወጣሁት ብረት ቀለሙን ይልጠው ጀመር። ብረት ሳይሆን ቀጭን፣ የሚለመጥ፣ ግን የማይሰበር ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ቤቱን ሁሉ ዞሬ በመጨረሻ የእማዬን የቀንድ ማንኪያ አመጣሁ። በእጀታው እያስገባሁ ሽፋኑን ቀስ እያልኩ አላቀቅሁት፤ ጭረት እንኳ አልጣለም። እማዬ በሕይወት ብትኖር በዚያው ማንኪያ አናቴን ትለኝ ነበር። ከሹፌሩ ወንበር ሥር ምን እንደተገኘ ገምት። የጋሽ በዛብህ ጉጠት። አባባ አዩትና «ኧረ እዚህ ነው እንዴ!» አሉ፤ እንደ ሰው ሁሉ የተገረሙ መስለው። ወስጄ መታወቂያዬን ተቀበልኩ። ጋሽ በዛብህ ሲመልስልኝ «ለምጄሽ ነበር» አለኝ። ካቻቢቴውን እስክጨርስ ተወልኝ።

መፍታቱ ቀላል ነበር፤ መልሶ ማልበሱ ነው ጉዱ። መጀመሪያ ከተማ ያለውን ሶፋ ሠሪ ጠራሁ። ሽጉጥ የሚመስል ነገር ይዞ መጣ፤ እየተኮሰ ሽቦ ይሰካል። የሶፋ እግርና ጎን እንጨት ነው፤ የዳማው ወንበር ግን ብረት ነው። የመጀመሪያው ሽቦ ነጥሮ የራሱን ግንባር መታው። ሁለተኛውን ሳይሞክር ዕቃውን ሰበሰበ። ሌዘሩን በጆንያ መርፌ ልስፋ ብዬ ተነሳሁ፤ ከሁለት ድርብ በላይ አልበሳ ብሎ ተሰበረ። በዚህ መሀል አንተ እየደወልክ «አላለቀም?» ትላለህ። አባባ ስልኩን ተቀብለው «እየተሠራ ነው ልጄ፤ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል» ይሉሃል። እኔ የጥንቃቄውን መርፌ ፍለጋ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ሄድኩ።

ከሐይቁ ወዲህ አያ ይኸነው የሚባሉ ኮርቻ ሠሪ አሉ። ለጥር ጊዮርጊስ የሚጋልብ ሁሉ ኮርቻውን የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነው። ደጃቸው ላይ ቆዳ ዘርግተው አገኘኋቸው። ወስፌና ቆልማማ መርፌ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። «ወስፌ አላውስም» አሉ። «የተዋሰ ወስፌ አይመለስም፤ ቢመለስም ጠባዩ ተበላሽቶ ነው።» «እንግዲያውስ ከወስፌው ጋር ይምጡ» አልኳቸው። ፈረሱ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ፈረስ እንዳልሆነ፣ የጭነት መኪና ወንበር እንደሆነ ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። የዘረጉትን ቆዳ አጣጠፉ። ቆይተው «ይራገጣል?» አሉኝ። «ጠዋት ሲነሳ ያስላል እንጂ አይራገጥም» አልኳቸው። ወስፌያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተከተሉኝ።

ዳማውን ሲያዩ ዙሪያውን ሁለቴ ዞሩት፤ ጎኑንም እንደ ከብት መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ከአባባ ጋር በአዊኛ ጨዋታ ያዙ። አባባ ስለ እኔ «አጭር ናት፤ የጀመረችውን ግን አትተውም» አሏቸው። እኔ አዊኛ የማልሰማ ይመስል። አትሰማኝም ብለው ይሆናል፤ እንድሰማም ብለው ይሆናል። ካቻቢቴውን በአፌ ነክሼ ብሎኖቹን መልቀም ቀጠልኩ።

እንግዲህ የጠፍሩ ነገር እዚህ ይጀምራል፤ አቶ አድማሴ አዛብቶ ነግሮህ ይሆናልና ልብ ብለህ አንብብ። አያ ይኸነው የአንድ በሬ ቆዳ ከዳር ጀምረው ዙሪያውን እየዞሩ ቀደዱና ሳይቆራርጡ አንድ ረጅም ጠፍር አወጡ። ውኃ ውስጥ አሳደሩት። እርጥብ ጠፍር እንደ ጨርቅ ይታዘዛል። ሲደርቅ ግን ይሰበሰባል፣ ይከራል፤ አልጋ የሚወጠረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እንደለሰለሰ እንዲኖር የተፈለገ እንደሆነ ሞራ ይቀባል። ይህን ቆሰበር ውስጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ አባባን ጨምሮ።

የሹፌሩ ወንበር በሁለት ብረት ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ነው፤ የሚቆልፈው ግን ተሰብሯል። ዳንግላ ወስደን እናስበይደው አልኩ። አባባ አልፈለጉም። «ለጊዜው እዚያው በጠፍሩ ይታሰር፤ ገዢው ሲመጣ ፈተን በልኩ እናስርለታለን» አሉ። ልክ ለመውሰድ ደግሞ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። «ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ውጪ» አሉኝ። ወጣሁ። መሪውን ያዝኩ፤ ፍሪሲዮኑ ድረስ እግሬ አልደረሰም። «ወደፊት ግፉት» አሉ፤ አያ ይኸነው ገፉት። አሁንም አልደረሰም። «ግፉት።» እግሬ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ሲረግጥ «እዚህ ላይ» አሉ። አያ ይኸነው ወንበሩን የወጠሩበትን ያንኑ ጠፍር ወደ ታች አውርደው፣ በወለሉ ብረት እያዞሩ እየሳቡ አሰሩት። መቀመጫውም፣ መደገፊያውም፣ ማሰሪያውም አንድ ጠፍር ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻው የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ የረዳቱን ወንበር በሌላ ጠፍር ወጠሩ፤ ይህ እንኳ ቁልፉ ደህና ስለሆነ አልታሰረም። እሱን ሞራ ቀቡት። ጣሳውን ይዘው ወደ እኔ ወንበር ሲዞሩ አባባ «የዚያ ይቅር፤ ሞራው አልቋል» አሉ። አያ ይኸነው ጣሳውን አዩ። አባባን አዩ። ከዚያ ክዳኑን ገጠሙ።

ሌዘሩን አለበስን፤ የጣሪያውን ጨርቅ በቆልማማው መርፌ ሰፋሁ። ስፌቱ የኮርቻ ስፌት ነው፤ ትንሽ ጌጥ ቢጎድለው እንጂ ለጉግስ ይሆናል። ዝናቡ ግን አላቆመም። ነሐሴም መስከረምም ጠፍሩ እንደ እርጥብ ጎመን ለምለም እንዳለ ከረመ። ወንበሩ ስቀመጥበት ያረገርጋል፤ ወደኋላ ሲገፉት ይሄዳል፣ ወደፊት ሲስቡት ይመጣል። አቶ አድማሴ በጥቅምት እመጣለሁ ሲል አባባ ከራሳቸው ተነስተው «ሞተሩ ረጅም መንገድ ሳይቀምስ ሰው ፊት አይቀርብም። ጫግኒ ወርደን እንመለስ» አሉ።

የወይዘሮ ውዴን ድንች ጫንን። እኔ ነዳሁ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብባት፤ አጭር ስለሆነች እንዳታመልጥህ። አባባ በረዳቱ ወንበር ተቀመጡ። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ እጃቸውን ከከዘራቸው አላነሱም። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ግን የእሳቸው ግራ እግር ምንም የሌለበትን ወለል አብሮኝ ይረግጣል። ያ የሚያማቸው ጉልበት ነው። ጫግኒ እስክንገባ አመመኝ አላሉም።

ጫግኒ ገበያው ዳር ስቆም አንድ ባለ ባጃጅ ወደ መስኮቴ አንጋጦ «እመቤት፣ ሹፌሩ የት ሄደ? መኪናውን ያስጠጋልን» አለ። እኔ ሳልመልስ አባባ በወዲያ በኩል ብቅ ብለው «ሹፌሩን እያነጋገርክ ነው» አሉት። ልጁ ደነገጠና «አንቱስ ታዲያ?» አላቸው። «እኔ ጭነት ነኝ» አሉት።

ለማቆሚያ ትልቅ ዋርካ ነበረ፤ ጥላው ሦስት መኪና ይይዛል። አባባ «ዛፍ ሥር ወፍ ያቆሽሸዋል፤ ፀሐይ ላይ አቁሚው» አሉኝ። አቆምኩት። እሳቸው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ድንቹ እስኪሸጥ ሰነበትን፤ ዳማውም በዚያ ፀሐይ ላይ ጋለ፤ በቆሰበር ጉም የራሰው ጠፍር ከሞተሩም ሙቀት ጋር ተሰበሰበ። ለመመለስ ስወጣ ወንበሩ እንደ ከበሮ ነበር። ወደኋላ ልግፋው ብል አልሄደም። ሁለት ጫኝ ሠራተኞች ጠርቼ አስገፋሁ፤ አልሄደም። «አባባ፣ ጠፍሩ ከረረ እኮ!» አልኳቸው። ገብተው በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ምን ይደረጋል፤ ፀሐይ ነው» አሉ። እንዳዘኑ ለማየት ፊታቸውን ፈልጌ ነበር፤ ቀድመው ወደ መስኮቱ ዞረዋል።

እንግዲህ አቶ አድማሴ መጣ። ወንድም ጋሼ፣ ስለ ሰውዬው ብዙ ነግረኸኛል፤ ስለ ቁመቱ ግን አልነገርከኝም። በራችንን ጎንበስ ብሎ ገብቶ ውስጥም ሳይቃና ቀረ። ዳማውን አየ፣ ሞተሩን ሰማ፣ ጋቢናውን ከፍቶ «እንዲህማ አዲስ ሆኖ አያውቅም!» አለ። ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ስፌቱን በመዳፌ ልሸፍነው ቃጣኝ፤ ያሳመርኩት ለእሱ ነበርና። ከዚያ ሊቀመጥ ወጣ። አንዱ ጉልበቱ ከመሪው በላይ ሆነ፤ ሌላው ሊገባ ስላልቻለ ውጭ ቀረ። «ወንበሩን ወደኋላ በሉልኝ» አለ። ጠፍሩ መክረሩን፣ ቋጠሮውም አልፈታ ማለቱን ነገርነው። አብሮት ከመጣው ሹፌር ጋር ሳቡት፣ ገፉት፣ በመዶሻ መቱት። ላብ በላብ ሆኖ ካራ አወጣ። አባባ በጣም ባዘነ ድምፅ «ቁረጠው፤ ያንተ ሊሆን ነው» አሉት። «ግን ልጄ፣ ጠፍሩ አንድ ነው። አንድ ቦታ ከተቆረጠ ወንበሩ ሁሉ ይፈታል። ቡሬ ድረስ ቆመህ ልትነዳ ነው።» አቶ አድማሴ ካራውን እንደያዘ ጋቢናውን ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሳቀ። «ይህ ለሽያጭ የተሰናዳ መኪና አይደለም፤ ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ ነው» አለ። ካራውን ወደ ሰገባው መለሰ። ምሳ በልቶ፣ የአባባን ጉልበት ስሞ ሄደ። ጥሩ ሰው ነው፤ ቁመቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። «ማን ሊነዳው?» ብለህ ነበር። እኔ። ቤተ መጻሕፍቱን አልተውኩም፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ድንች ጫግኒ ይወርዳል፣ ሽንኩርት ቆሰበር ይወጣል። ሌላ ገዢ አትላክ። ከላክህም አስቀድመህ ቁመቱን ለካው። ራስህ መጥተህ ልነዳው ካልክም በሩ ክፍት ነው፤ ግን አንተ የወጣኸው በእማዬ ወንድሞች ነው፤ ጉልበትህን የት እንደምታስቀምጠው አስበህ ና። አባባም አራተኛ ፎቅ አይወጡም። ሊጠይቁህ ሲፈልጉ በዳማው አመጣቸዋለሁ። ሰፊ ማቆሚያ ከወዲሁ ፈልግ።

የመሣሪያ ሳጥንህን በሚቀጥለው አውቶቡስ መልሼ እልካለሁ። ለቤትህ በሮች ይሆንሃል፤ እነሱ ዘመነኞች ናቸው። የእጅ ባትሪዋን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ በውነቱ እሷ ጎበዝ ናት። የተጠማዘዘውን ካቻቢቴ በመኝታው አስተኝቼዋለሁ፤ ደንግጠህ እንዳትጥለው፣ ለመታሰቢያ ይሁንህ።

አባባ «የጫግኒ ፀሐይ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ መች አሰብኩ፣ በይልኝ» ብለውኛል። ዕድሜያቸውን በዚያ መንገድ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። ትናንት ጋቢናውን ስጠርግ ደግሞ ከእሳቸው ወንበር ሥር የሞራውን ጣሳ አገኘሁ። ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው። ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ በነበረበት መለስኩት።

እግዚአብሔር ወገብህን ያጽናልህ፤ ደረጃህን ያሳጥርልህ። ልጆችህን በቁመትም በልብም ያሳድግልህ። የእማዬ ጸሎት ከሁላችን አይለይ።

ታናሽ እህትህ፣
ከዳማው መሪ ላይ